ለጋሽ ዳምጠው የሚሆን መብራት

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የጋራዡ ልጆች በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር አሸከሙኝ። ስፈታው በቻርጅ የሚሠራ የእጅ መብራት ነው፤ እጀታው ወፍራም፣ ፊቱ ሰሃን የሚያክል። አንዱ ችኩል ወዲያው አበራውና ፊቴ ላይ ደገነው።

"እትዬ አስካለ፣ ይሄ እኮ እስከ ኮዬ ፈጬ ያሳያል!"

ልጄ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ስለምትኖር፣ እንግዲያው ከሳሎኔ ሳልነሣ ወጥ ስታሳርር አያታለሁ አልኩት። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ዓይኔ ግን ያነባ ነበር፣ ግማሹ ከደስታ፣ ግማሹ ከመብራቱ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ቱሉ ተቀበለኝና ግድግዳው ላይ አበራው። ጥቂት አየውና "አስኩ፣ ይሄማ ባልዲው ነው" አለ። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁመን! ሁለት ሽማግሌዎች ሶፋው ላይ ሆዳችንን ይዘን፣ እኔማ እንባዬ እየወረደ፣ ተንፈራፈርን። በማግስቱ ይህን መጻፍ ጀመርኩ። ባልዲው ምን እንደነበረ የሚያውቅ ሰው ከሁለታችን በቀር ብዙ የቀረ አይመስለኝም።

ሥራ የጀመርኩት ባቡሩ ገና በአቃቂ በኩል በሚመላለስበት ዘመን ነው። ከጣቢያው ዝቅ ብሎ አንድ የፉርጎ መጠገኛ ሼድ ነበር፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ በዘይት የጠቆረ፣ ዝናብ ሲጥል ሰውን ከሰው የማያሰማማ። መጀመሪያ የተቀጠርኩት ለጽዳት ነው። ደመወዙ የሚወራለት ስላልሆነ እንለፈው። አለቃችን ሼፍ ለገሠ ይባሉ ነበር፤ በባቡር ሠራተኛ አፍ አለቃ ሁሉ "ሼፍ" ነው። አንድ ቀን የቢሯቸውን መስኮት ስወለውል ቆመው አዩኝና "እጅሽ አይቸኩልም" ብለው መብራት ቤት አስገቡኝ።

መብራት ቤት አንድ በርና አንድ መስኮት ያላት ጠባብ ክፍል ናት። ፋኖሶቹን ላምባ እሞላለሁ፣ ክራቸውን በመቀስ አስተካክላለሁ፣ ብርጭቋቸውን በጋዜጣ እወለውላለሁ፤ ጠዋት ለፈታሾቹ በመስኮቷ አድላለሁ፣ ሥራ ሲያበቃ እቀበላለሁ። በቀን ፋኖስ ምን ያደርጋል የሚል ሰው ፉርጎ ሥር ገብቶ አያውቅም ማለት ነው። ፀሐይ አናት ላይ ብትሆንም ከፉርጎ ሆድ በታች ጨለማ ነው። ብረቱም ዘይቱም አቧራውም አንድ ዓይነት ጥቁር ነው፤ የብረት ስንጥቅ ደግሞ በጥቁር ላይ የተጣለ ጥቁር ክር ነው። ያንን ክር አይቶ ፉርጎው እንዳይሄድ ማስቆም ነበር የፈታሾቹ ሥራ።

የፈታሾቹ አንጋፋ ጋሽ ዳምጠው ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቱታቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ። ሐዲዱ ሥር ወደተቆፈረው መፈተሻ ጉድጓድ ከመውረዳቸው በፊት አፋፉ ላይ ቆመው ዓይናቸውን በመዳፋቸው ይሸፍናሉ። መጀመሪያ ያየሁ ቀን የሚጸልዩ መስሎኝ እኔም አጠገባቸው ቆምኩ።

"ምን ይገትርሻል?" አሉኝ መዳፋቸውን ሳያነሡ።

"ጸሎትዎን እስኪጨርሱ ነው፣ ጋሼ።"

"ጸሎቴንማ ቤቴ ጨርሼ ነው የመጣሁት። ዓይኔን ጨለማ እያለማመድኩት ነው።"

ከወረዱ በኋላ ፋኖሱን ፊታቸው አጠገብ አይዙትም። ከጉልበታቸው ዝቅ አድርገው በጎን ነው። ብርሃኑ ብረቱን ታክኮ ሲያልፍ ስንጥቅ ያለበት ቦታ ቀጭን ጥላ ይጥላል። ያንን ጥላ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ይዳብሱታል፤ ጥፍሩ ከያዘ ስንጥቅ ነው፣ ከተንሸራተተ የዘይት መስመር ነው። ለዚህ ብለው የአንድ እጃቸውን አውራ ጣት ጥፍር አይቆርጡም ነበር፤ ሚስታቸው በዚህ ጥፍር ምክንያት ስንት ጊዜ እንደተቆጡ ራሳቸው እየሳቁ ይነግሩናል። ስለ ስንጥቅ የሚያወሩት እንደ አንዲት ተንኮለኛ ሴት ነበር። "ፊት ለፊት ከመጣሽባት ትደበቃለች፤ በጎን ነው የሚመጡባት" ይሉኝ ነበር።

ሼዳችን አንድ ልማድ ነበረው። ስንጥቅ ያገኘ ሰው ብረቱን ሦስት ጊዜ በመዶሻ መትቶ "አለች!" ብሎ ይጮኻል። ይህን የሰማ ሁሉ፣ ብየዳ ላይ ያለው፣ መንኮራኩር የሚያወልቀው፣ እኔም ከመስኮቴ፣ "ትውጣ!" እንላለን። ጠበል ቦታ ሰይጣን ሲለፈልፍ እንደሚባለው ማለት ነው። ከዚያ በሻይ ሰዓት የዕለቱን ዳቦ ቆርሶ ለሁሉም የሚያድለው ያገኘው ሰው ነው። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ግን ለዚያች ዳቦ ሲባል ሰው ሆዱ እስኪላጥ ድረስ ብረት ሥር ይሳብ ነበር። ከሁሉ አብልጠው የቆረሱት ጋሽ ዳምጠው ናቸው። እኔ ራሴ ከማንም እጅ ይልቅ ከሳቸው እጅ ዳቦ በልቻለሁ።

ፋኖሱን ያስጣለን ነዳጅ ነው። ቤንዚን የሚጭኑ ፉርጎዎች ለጥገና ወደኛ መምጣት ሲጀምሩ ሼፍ ለገሠ እሳት ያለበት መብራት እንዳይታይ አሉ። ገመድ ያለው አምፖል ሞከርን፤ ገመዱ ከብሎኑ ሁሉ ጋር እየተጣላ አስመረረን። በመጨረሻ አንድ ነጋዴ በባትሪ የሚሠሩ፣ እንደገና ቻርጅ የሚደረጉ ሦስት ዓይነት የእጅ መብራቶች ለናሙና አመጣልን። ያኔ እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው ከመካከላችን አልነበረም።

ምርጫው የተደረገው በሆታ ነው። መብራቶቹ ጠረጴዛ ላይ ተደረደሩ፤ አንድ በአንድ እየበሩ ሼዱ ዳር ያለው ግድግዳ ላይ ተደገኑ። ትልቁ የባልዲ ቅርጽ ነበረውና ስሙን እዚያው አገኘ፤ ሲበራ ጥግ ላይ ያለው የሸረሪት ድር ሳይቀር ተቆጠረ። ጭብጨባው ቀለጠ። መካከለኛውም "ደህና ነው" ተባለ። ትንሿ ስትበራ ግን ሳቅ ሆነ። ብርሃኗ ቢጫ፣ ደካማ፣ ቁመቷ አንድ ስንዝር፣ ጀርባዋ ላይ መንጠቆ ያላት ነገር ነበረች። ቱሉ "ጫጩት!" አላት። ባልዲውና በርከት ያሉ መካከለኞች ተገዙ፤ ጫጩቷን ነጋዴው በምርቃት ጣላት፣ እኔም ቁልፍ የምፈልግባት አደረግኋት። ባልዲው ለማን ይሰጥ የሚለው አላከራከረም። ለትልቅ ሰው ትልቁ ይገባል ተባለና ለጋሽ ዳምጠው ሆነ። ክብር መስጠታችን ነበር፤ ግድግዳና ፉርጎ አንድ አለመሆናቸውን ያሰበ ግን አልነበረም።

ቱሉን ሳላስተዋውቃችሁ አልፌአለሁ። አባቱ አቃቂ ዳር ጤፍ የሚያርሱ ገበሬ ነበሩ፤ እሱ ከሁሉ የሚጮኽ፣ ከሁሉ የሚስቅ ጎረምሳ ፈታሽ ነበር። ፋኖስ የለመደ ሰው ላምባ መኖሩን የሚያውቀው ነቅንቆ ነው። ቱሉም አዲሱን መብራት ተቀብሎ ጆሮው ሥር ነቀነቀው፤ ውስጡ ያለው የባትሪ አሲድ ተንቦጫቦጨ። "ሙሉ ነው!" ብሎ ሄደ። ቻርጁ ያለቀ መብራትም እኩል እንደሚንቦጫቦጭ ማን ይንገረው! ፉርጎ ሥር መሐል ላይ ጠፋበትና በዳበሳ፣ እየተሳደበ፣ በማይሆን አቅጣጫ ወጣ። በማግስቱ ሌሎቹም ይነቀንቁ ጀመር። በሳምንቱ የሁሉም ቱታ ትከሻው ላይ ወንፊት ሆነ፤ የተነቀነቀው አሲድ በክዳኑ በኩል እየተረጨ ጨርቁን በልቶታል።

እኔ ያኔ የራሴን ዘዴ አወጣሁ። ከቻርጅ የወረደ መብራት ሁሉ መጀመሪያ ሲበራ ደማቅ ነው፤ ያ አያታልለኝም። አበራውና አንድ ኩባያ ሻይ ረጋ ብዬ እጠጣለሁ። ሻዩ ሲያልቅ ብርሃኑ ካልደከመ ሰጥቼ እልካለሁ፤ ወደ ቢጫ ካደላ ተመልሶ ቻርጅ ላይ ይውላል። በዚህ ዘዴ ብዙ ሻይ ጠጥቻለሁ። ቱሉም የሱ መብራት እስኪረጋገጥ ድረስ መስኮቷን ተደግፎ መጠበቅ አመጣ። ከሌሎቹ ይልቅ የሱ መብራት ብዙ ማረጋገጥ የሚያስፈልገው ለምን እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ይህ ሁሉ ሳቅ እያለ ነው ያቺ ቀን የመጣችው። ጋሽ ዳምጠው በባልዲው ፈትሸው "ይሂድ" ያሉት ሽንኩርት የጫነ ፉርጎ በሚቀጥለው ጣቢያ ጎኑን ጥሎ ቆመ። ባሌስትራው፣ ማለትም ፉርጎውን የሚሸከመው የብረት ድርድር፣ ከሥር ተሰንጥቆ ኖሮ ለሁለት ተሰብሯል። ሰው አልተጎዳም፤ ሽንኩርቱ ግን ሐዲዱ ዳር ተዘርግፎ ለላሞች ሆነ። ስልኩ ሲደወል ሼፍ ለገሠ ቆመው ሰሙና መነጽራቸውን አውልቀው ተቀመጡ። ስብራቱ ውስጥ ዝገት ነበረ ተባለ። ዝገት ካለ ደግሞ ስንጥቋ ፉርጎው ከኛ ሳይወጣ በፊትም ነበረች።

ሼፍ ለገሠ ሥራውን የለመዱት ከጋሽ ዳምጠው እጅ ነው። እንዲህ ለማለት ምን ያህል እንደከበዳቸው ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር፦

"ጋሼ፣ ዓይንዎ ነው?"

ጋሽ ዳምጠው የአውራ ጣታቸውን ጥፍር በመዳፋቸው ዳበሱ።

"ቅዳሜ ጠዋት ስንጥቅ ያለበት ፉርጎ ጉድጓዱ ላይ አቆማለሁ። ያግኙልኝ። ካላገኙ ጡረታዎ እስኪደርስ በር ላይ ይቀመጣሉ። ሰው ቢሞትብን ለርስዎም ለኔም አይሆንም።"

በር ላይ መቀመጥ ማለት ዘበኝነት ነው። ጋሽ ዳምጠው ጡረታቸው ቅርብ ነበር፤ እንጀራቸው አይቋረጥም። ግን ዕድሜ ልካቸውን ከፉርጎ ሥር የወጡ ሰው ፉርጎ ሲያልፍ ለማየት ብቻ ወንበር ላይ ሊቀመጡ ነው። ሼዱ ለቅሶ ቤት መሰለ። የዚያን ቀን ዳቦውን ማንም አልቆረሰም።

በማግስቱ ጋሽ ዳምጠው ወደ መስኮቴ መጡና ባልዲውን አስቀመጡት። "አስካለ፣ ይሄ ነገር ሲበራ ወተት የተደፋበት መስታወት የማይ ነው የሚመስለኝ" አሉኝ። "ብርሃኑ ራሱ ዓይኔ ላይ ይደፋል። በፋኖሱ እኮ ይታየኝ ነበር።" ይህን ለሌላ ሰው አልተናገሩም።

ወደ ውስጥ አስገባኋቸው። የሻይ መጠጫዬ የቆርቆሮ ኩባያ ነበረች፤ ቀለሟ ላይ ከአፏ እስከ ወገቧ የወረደ የፀጉር ያህል ስንጥቅ አላት። መደርደሪያው ጥግ፣ ጨለማው ውስጥ አኖርኳትና ባልዲውን አበራሁ። ጋሽ ዳምጠው ዓይናቸውን አጠበቡ፤ ምንም። በመካከለኛው ሞከርኩ፤ "ጭረት ትሁን ጥላ እንጃ" አሉ። ጫጩቷን አነሣሁ። ዝቅ አድርጌ፣ እሳቸው እንዳስተማሩኝ በጎን፣ ብርሃኗ ኩባያዋን ታክኮ እንዲያልፍ ያዝኳት። ጋሽ ዳምጠው ጎንበስ አሉ። ጥፍራቸው ሄዶ ስንጥቁ ላይ ቆመ።

"አለች" አሉ በሹክሹክታ።

ልቤ ዘለለ። ዓይናቸው ላይ ሞራ ጀምሯል እንጂ አልጠፋም፤ ሞራ ያለበት ዓይን ደግሞ ብርሃን ሲበዛበት ነው የሚታወረው። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ጫጩቷን እያገላበጡ አዩአትና ፊታቸው ጠቆረ። "ሰው ሁሉ ቆሞ እያየ በሕፃን መጫወቻ ልፈተን?" አሉ። መልሴን ሳይጠብቁ ወጡ።

ቅዳሜ ጠዋት ሼዱ ሞላ። ቱሉ ባልዲውን እስኪያንጸባርቅ ወልውሎ በሁለት እጁ እንደ ታቦት ተሸክሞት ቆሟል። "ጃባዳ፣ ጋሼ!" ይላል፤ በኦሮምኛ በርቱ ማለቱ ነው። እኔ ጫጩቷን ይዤ መጣሁ። ሳቅ ተሰማ። ቱሉ ደነገጠና ጆሮዬ ላይ "አስካለ፣ ጋሼን ልታዋርጃቸው ነው?" አለኝ። ሼፍ ለገሠም ተቆጡ፦ "ዛሬ የቀልድ ቀን አይደለም።"

ጋሽ ዳምጠው ፊት ቆምኩና "ጋሼ፣ ፊት ለፊት ከመጡባት ትደበቃለች ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ባልዲው ፊት ለፊት እንጂ ሌላ አያውቅም" አልኳቸው።

ባልዲውን አዩት። ጫጩቷን አዩአት። ከዚያ ከሆዳቸው ሳቁ።

"አምጪያት" አሉ። አበሯትና ሐዲዱ ላይ አስቀመጧት። "ሻይ የለም እንዴ? የመብራት ቤቷ ሕግ አይፈርስም።"

አቤት ያቺ ሻይ! ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይዞ ቆሞ እሳቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፉት ይላሉ። ሼፍ ለገሠ ሰዓታቸውን ያያሉ፣ ቱሉ ጥፍሩን ይበላል። ብርጭቆው ባዶ ሆነ፤ ጫጩቷ እንደበራች ናት። ጋሽ ዳምጠው ተነሡ፣ አፋፉ ላይ ቆመው ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ፣ ወረዱ።

ከላይ ሆነን የምናየው ቢጫዋን ብርሃን ብቻ ነው። በዝግታ ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ ትመለሳለች። አንዴ በመንጠቆዋ የሆነ ብረት ላይ ተንጠለጠለች፤ ሁለቱም እጃቸው ነፃ ሆነ ማለት ነው። ቱሉ ክንዴን ጨበጠኝ፤ እኔም አላስለቀቅኩትም።

ጧ! ጧ! ጧ!

"አለች!"

መጀመሪያ "ትውጣ!" ብለው የጮኹት ፈታኙ፣ ሼፍ ለገሠ ራሳቸው ናቸው። ከዚያ እኛ በጩኸት የጣሪያውን ቆርቆሮ ልናነሣው ምንም አልቀረንም። ጋሽ ዳምጠው አቧራ ለብሰው፣ ጥርሳቸው ብቻ ነጭ ሆኖ ሲወጡ ሼፍ ለገሠ አቀፏቸው፤ የተተኮሰ ሸሚዛቸው በዘይት ተበላሸ፣ ግድ አልሰጣቸውም። ዳቦው መጣ። ጋሽ ዳምጠው ቆረሱና የመጀመሪያውን ለኔ ሰጡኝ። አለቀስኩ፤ አላፍርም።

ከዚያ ወዲህ መብራት በግድግዳ መመረጥ ቀረ። አዲስ ሲመጣ ይዘነው ፉርጎ ሥር እንገባለን፦ ዓይን ላይ ይደፋል ወይ? ይንጠለጠላል ወይ? አንድ ሻይ ይቆያል ወይ? ባልዲው ግቢውን ለማብራት በር ላይ ተሰቀለ፤ በር ላይ የተቀመጠው በመጨረሻ እሱ ሆነ። ጋሽ ዳምጠው ጡረታቸው እስኪደርስ ድረስ በጫጩቷ ፈተሹ፤ የመጨረሻ ቀናቸውም ያለቀው ከፉርጎ ሥር ወጥተው ነው። ቆይቶ ሞራው በሕክምና ተነሣላቸው። እኔና ቱሉ ያኔ ተጋብተን ነበርና ሊጠይቁን መጡ። በሩ ላይ ቆመው ቱሉን ትክ ብለው አዩትና "አስካለ፣ እኔስ ዓይኔ ታሞ ነው፤ አንቺ ምን ሆነሽ አገባሽው?" አሉኝ።

ባቡሩ ሲቆም እኔ ቃሊቲ አንድ የከባድ መኪና ጋራዥ ገባሁ፤ ኤሌክትሪክ ክፍል። ወረቀቱና ፊርማው ብዙ ነበር፤ ሥራው ግን ያው መብራት ነው፣ የጋራዡ ልጆችም ያው ቱሉን ይመስላሉ።

አሁን ደግሞ ተራው የኔ ነው። ባለፈው ክረምት ሐኪሙ ዓይኔን አይቶ "ሞራ ጀምሮዎታል" አለኝ። ፈራሁ። ለቱሉም ለልጄም ሳልናገር ብዙ ቀን ብቻዬን ፈራሁ። ጋራዡ የሸለመኝን ባልዲ ቱሉ ግድግዳው ላይ ሲያበራው ከሳቄ ጋር ያነባሁት ለዚህም ነበር፤ ያን ዕለት የታየኝ ወተት የተደፋበት መስታወት ነው። በማግስቱ ለቱሉ ነገርኩት። መብራቱን አንሥቶ ብብቱ ሥር ከተተና "ተነሽ፣ እንሂድ እንቀይረው" አለኝ።

ሳሪስ አቦ አጠገብ ካለ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ገባን። ቱሉ እንደማያውቀኝ ሰው ሆኖ በሩ ላይ ቆመ። ባለሱቁ ወጣት ባልዲዬን አይቶ ተገረመ። "ማዘር፣ ይሄ እኮ አሪፍ ነው! ሰው ወደ ትልቅ ይቀይራል እንጂ ወደ ትንሽ ይቀይራል እንዴ?" ከመደርደሪያው ጥግ አንዲት ስንዝር የምታክል፣ መንጠቆ ያላት፣ ብርሃኗ ወደ ቢጫ የሚያደላ መብራት አሳየሁት። አውርዶ ሰጠኝ። አበራኋት። ሻይ ጠጥቼ እስክጨርስ እንደበራች ትቆይ ስለው የሳቀብኝ መሰለኝ፤ ቢሆንም ከጎረቤት አስመጣልን፣ ጨዋ ልጅ ነው። ጠጣን። ብርሃኗ አልደከመም።

የባንኮኒው የላይኛው ፊት መስታወት ነው። ዓይኔን በመዳፌ ሸፍኜ ጥቂት ቆየሁ። ከዚያ መብራቷን መስታወቱ ላይ አስተኝቼ ብርሃኗን በጎን ለቀቅሁበት። አንዲት ክር የምታክል ጥላ ከጥጉ ተነሥታ እስከ መሐል ሄደች። ጥፍሬን ሰደድኩ። ያዘ። ደረቴ ውስጥ የነበረው ፍርሃት ምን እንደዋጠው አላውቅም፤ ባንኮኒውን በጣቴ አንጓ ሦስት ጊዜ መታሁና በዚህ ዕድሜዬ ጮኽኩ።

"አለች!"

"ትውጣ!" አለ ቱሉ ከበሩ፣ መንገደኛው ሁሉ እስኪዞር ድረስ።

ልጁ ደንግጦ እኔንም እሱንም አየን። ከዚያ ጎንበስ ብሎ መስታወቱን በመዳፉ ያሻሽ ጀመር። "ምኗ ናት ያለችው? የት? እኔ ምንም አይታየኝም" አለ።

"ፊት ለፊት ስለመጣህባት ነው" አልኩትና መብራቷን ዝቅ አድርጌ በጎን ያዝኩለት።